መንጃ ፈቃድ ሲታደስ ከማህተሙ በፊት ዓይን ይታይ

በቅርቡ አንድ የ64 ዓመት አባት የመንጃ ፈቃድ ማሳደሻ የጤና ምርመራ ቅጽ ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድተዋል። «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ማህተሟን ምታልኝና ልሂድ ልጄ» አሉኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰንጠረዥ እስከ ታች አነበቡ። ሆኖም አንድ ዓይናቸውን በየተራ ሸፍነው፣ አፍንጫዬን እያዩ በጎን በኩል የማሳያቸውን ጣቶች እንዲቆጥሩ ስጠይቃቸው ጣቶቹ ወደ መሐል እስኪጠጉ ድረስ አላዩዋቸውም። ወደ ዓይን ሐኪም ላክኋቸው፤ ውጤቱ ግላኮማ ሆነ።

ውድ አንባቢ፣ እኚህ አባት አልዋሹም። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ እየጎዳ መጀመሪያ የጎን እይታን ይወስዳል፤ ፊት ለፊት ማየትን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ፊደል በመቁጠር ብቻ አይገኝም። መንገድ ላይ ግን እግረኛው የሚመጣው ከጎን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ስናስብ፣ የአንዲት ሰከንድ መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ግልጽ ነው።

በአገራችን ፈቃድ ለማሳደስ የጤና ምርመራ ማስረጃ ይጠየቃል። ችግሩ ብዙዎቻችን ምርመራውን እንደ ማህተም ማስመቻ ማየታችን ነው። እኛ ሐኪሞችም ከወቀሳው አናመልጥም፤ ወረፋው ሲረዝም ቅጹን ቶሎ ሞልተን የምንሸኝበት ጊዜ አለ። በብሪታንያ ፈቃድ 70 ዓመት ሲሞላ ያበቃና ከዚያ ወዲያ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። በጃፓን ደግሞ 75 ዓመት የሞላቸው አሽከርካሪዎች ሲያሳድሱ የማስታወስና የማገናዘብ ምርመራ ይወስዳሉ። ዕድሜ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን አብረውት የሚመጡ በሽታዎች ስላሉ ምርመራው ከዕድሜ ጋር ሊጠብቅ ይገባል።

ብዙ አሽከርካሪዎች ሕመማቸውን የሚደብቁት እንጀራቸው በመሪው ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ይህን እረዳለሁ። ይሁንና መደበቅ ፈቃዱን አያተርፍም። የዓይን ሞራ ግርዶሽ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ብዙዎችም ተመልሰው ይነዳሉ። ግላኮማ የወሰደው እይታ አይመለስም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ጠብታው የቀረውን ያቆያል።

እንግዲህ ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑ፣ በተለይም እናት፣ አባት፣ እህት ወይም ወንድምዎ ግላኮማ ካለባቸው፣ የማሳደሻውን ቀን ሳይጠብቁ የዓይን ግፊትዎንና የዓይን ነርቭዎን ይመርመሩ። ማታ ከፊት የሚመጣ መብራት እንደ ጭጋግ ከበተነብዎት ወይም የመኪናዎ ጎን መጫጫር ከጀመረ ሰበብ አይፈልጉለት። የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ሳይበሉ አይንዱ፤ ከመነሳትዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ። ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ መሪ አይያዙ። መኪናዎ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይለይዎት። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሸጡ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ መድኃኒቶች እንቅልፍ እንደሚያመጡም አይዘንጉ፤ ፋርማሲ ሲሄዱ «አሽከርካሪ ነኝ» ይበሉ።

ልጆችም ብትሆኑ አባታችሁን «አርጅተሃል፣ ቁልፉን አምጣ» አትበሉት። ከጎኑ ተቀምጣችሁ አንድ ቀን አብራችሁት ሂዱ፤ ያያችሁትን በእርጋታ ንገሩትና ወደ ሐኪም አብራችሁት ኑ።

እኚያ አባት አሁን ጠብታቸውን በየቀኑ ያደርጋሉ። መኪናውን ልጃቸው ይነዳል፤ እሳቸው የጭነቱን ሂሳብ ይይዛሉ። ባለፈው ለክትትል ሲመጡ ታናሽ ወንድማቸውን ይዘው መጡ። እሱም አሽከርካሪ ነው፤ ፈቃዱ የሚታደሰው ገና በሚቀጥለው ዓመት ነው።