የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፡ መወጋት ወይስ መተው?

በአገራችን ‹‹ጉንፋን ነው›› የሚለው መልስ ‹‹ምንም አይደለም›› ከማለት ተለይቶ አይታይም፡፡ ዝንጅብል በማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ፣ ከዚያ ወደ ሥራ! ችግሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራታችን ነው፡፡ አፍንጫ የሚያፈሰው ተራ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በተለያዩ ቫይረሶች የሚመጡ በሽታዎች ናቸው፡፡ ኢንፍሉዌንዛ በድንገት በትኩሳትና በቁርጥማት አልጋ ላይ ይጥላል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ290 ሺሕ እስከ 650 ሺሕ ሰዎችን እንደሚገድል ይገምታል፡፡

በሽታው ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም፡፡ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ያራቆተው ‹‹የኅዳር በሽታ›› ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፡፡ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ተርፈዋል፡፡ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን ከተማዋን በጭስ የምናፍነውም ከዚያ ተነስተን ነው ይባላል፡፡ (ጭሱ ራሱ ለሳንባችን ምን እንደሚያደርግ ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን፡፡)

ጉዳዩ ለእኔ የወሬ ብቻ አይደለም፡፡ አብረውኝ የሚኖሩት እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ስኳርም አለባቸው፡፡ እኔ ደግሞ በየምሽቱ በተጨናነቀ ታክሲ ተሳፍሬ የምመለሰው ወደ እሳቸው ነው፡፡ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን መኸር በመጣ ቁጥር ፋርማሲ ገብተው ይወጋሉ፡፡ እዚያ እ.ኤ.አ. በ2010 ስድስት ወር ከሞላው ሕፃን አንስቶ ለሁሉም እንዲሰጥ ተመክሮ ነበር፡፡ እኛ ዘንድ ግን ክትባቱ በመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ ስለሌለ የሚፈልግ ሰው ጠይቆ፣ አፈላልጎ፣ ከኪሱ ከፍሎ ነው፡፡

ታዲያ ያዋጣል ወይ? ክትባቱ ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር በደንብ በተገጣጠመባቸው ዓመታት ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሕመምን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል፡፡ ‹‹ግማሽ ብቻ?›› የሚል ይኖራል፡፡ ስኳር ላለበት አዛውንት ግን ግማሹም ትልቅ ነገር ነው፡፡ ‹‹ተወግቼ ያው ጉንፋን ያዘኝ›› የሚሉም አሉ፡፡ በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ የለውም፣ በሽታውን ሊያመጣ አይችልም፡፡ ነገር ግን መከላከያው እስኪዳብር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ ተራውን ጉንፋንም አይከላከልም፡፡

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው፡፡ ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ይዘት በዓመት ሁለት ጊዜ ይመርጣል፤ በየካቲት አካባቢ ለሰሜኑ፣ በመስከረም አካባቢ ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ፡፡ እንደ እኛ ባሉ በሐሩር ክልል በሚገኙ አገሮች ግን ቫይረሱ የአውሮፓን ክረምት ጠብቆ አይመጣም፡፡ ስለዚህ ጠርሙሱ የየትኛው ወቅት እንደሆነና መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ መጠየቅ ግድ ነው፡፡ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፡፡ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ምን ያቆየዋል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፡፡

መንግሥት ለሁሉም ይስጥ አልልም፣ ኪሳችን ይታወቃል፡፡ ነገር ግን ለጤና ባለሙያዎች፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአዛውንትና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ቅድሚያ መስጠት ይቻላል፡፡ ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኮቪድ ክትባት ሲሰጥ አዋቂዎችን በሰልፍ መከተብ እንደምንችል አይተናል፡፡ ቫይረስን ለማይነካው አንቲባዮቲክ በየፋርማሲው የምናፈሰው ገንዘብም ቢታሰብበት መልካም ነው፡፡

እኔ እወጋለሁ፡፡ እናቴም ሐኪማቸው ከፈቀደ ይወጋሉ፡፡ ሆኖም የአዛውንት ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ስለሆነ በአጠገባቸው የሚውሉትም መከተብ አለባቸው፡፡ ቀኑን ሙሉ ከእናቴ ጋር የምትውለው ደግሞ እኔ ሳልሆን የቤት ሠራተኛችን ናት፡፡ እሷ ከተስማማች የምከፍለው ለሦስት ሰው ነው፡፡