የሚከለክል ቃል ልክ አለው

በሕግ ጽሕፈት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው የሚከለክለው ቃል ነው። ይህ ቃል ከልኩ አልፎ ከተተረጐመ ያልተከለከለውን ሰው እጁን አስሮ ያስቀምጠዋልና። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ የጋምቤላው ባሮ ይበቃል።

ባሮ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ውል፥ በ3ኛው አንቀጽ፥ ሶባት ከጥቁር ዓባይና ከጣና ጋር ተጠቅሷል። ከዚህም የተነሣ «ኢትዮጵያ ያለ ሌሎች ፈቃድ በወንዞቿ ላይ ምንም እንዳትሠራ ተከልክላለች» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ግብፅም በ2012 ዓ. ም. ስለ ሕዳሴው ግድብ ለጸጥታው ምክር ቤት ባቀረበችው ክርክር ይህንኑ ውል ጠቅሳለች።

ይህ አነጋገር ግን ከውሉ ቃል ጋር አይስማማም። የአማርኛው ጽሑፍ አስቀድሞ ስምምነት ሳይደረግ እንዳይሠራ ያለው፥ ወንዙን «ተዳር እዳር የሚደፍን» ሥራ ነው። እንግሊዝኛውም ቢሆን የሚናገረው ወንዙን አቋርጦ ፍሰቱን ስለሚያቆም ሥራ ነው። ሁለቱም ጽሑፎች እኩል ሕጋዊ መሆናቸው በውሉ ተመልክቷል። መድፈን ሌላ፥ መጠቀም ሌላ ነው። ከወንዝ ቦይ ጠልፎ እርሻውን ያጠጣ ገበሬ ወንዙን ደፈነ የሚለው ማን ነው? ውሃውን በተርባይን አሳልፎ ወደ ሱዳን የሚሰደው ግድብስ እንዴት ደፈነ ይባላል?

የውሉ ጸሐፊዎች ሰፊ ክልከላ መጻፍ ተስኗቸው ነበር እንዳይባል፥ 4ኛው አንቀጽ መልስ ይሰጣል። በዚህ አንቀጽ በባሮ ዳር፥ በኢታንግ አቅራቢያ፥ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር፥ በስፋት ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተከራየ፤ የጋምቤላ ጣቢያ የተቋቋመው በዚህ ነው። መሬቱም ለማናቸውም የፖለቲካ ወይም የጦር ጉዳይ እንዳይውል ተከለከለ። እንግዲህ «ማናቸውም» ማለትን የሚያውቁ ሰዎች በ3ኛው አንቀጽ «ማናቸውም ሥራ» ብለው አልዘጉም። ያልጻፉትን እኛ ልንጽፍላቸው አይገባም።

ኪራዩም ልክ ነበረው፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ. ም. ነጻ ስትወጣ ዘመኑ አበቃ። ዛሬ በዚያ ውል የጋምቤላን ወደብ ልያዝ የሚል የለም። የኪራዩ ልክ ከተከበረ የክልከላውም ልክ ይከበር።

ከእኛ ወገን ደግሞ «የቅኝ ገዥዎች ዘመን ወረቀት ነው፤ ማንበብ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ውሉ ዛሬ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ነገር ግን ሳያነብ የጣለ ሰው ትርጓሜውን ለባላጋራው አስረክቦ መሄዱን ይወቅ። በ1881 ዓ. ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ የአማርኛና የኢጣልያንኛ ቃል መለያየት ምን እንዳመጣ ዓድዋ ይመሰክራል።

ስለዚህ መምህራን ሁለቱን ጽሑፎች ጐን ለጐን አድርገው ለተማሪዎች ያስነብቡ። በየመሥሪያ ቤቱ «ክልክል ነው» ብለን የምንጽፍ ሹማምንትና ጸሐፊዎችም ምን፥ እስከ የት፥ እስከ መቼ እንደ ተከለከለ ጨምረን እንጻፍ። ልኩ ያልተጻፈ ክልከላ ጉልበት ያለው እንደ ወደደ ይለካዋል።