ሐይቅ ዳር የዋለ እንቁጣጣሽ

«እንቁጣጣሽ ያለ ዶሮ ወጥ፣ ያውም ከቤት ውጭ? ባህላችሁን ሸጣችሁ!» ያሉኝ ወዳጆች አሉ። ጥፋታችን የ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን ከነቤተሰባችን ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካለ ዓሣ ቤት መዋላችን ነው።

ዶሮ ወጥን አልጠላሁም። ነገር ግን እኛ ገጣሚ ነን ባዮች የበዓሉን ሽታ ስናወድስ ኖረን፣ ሽንኩርት ስትከትፍ የምታነባውን እናት ከስንኛችን አስቀርተናታል። አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ፣ አጥባ፣ ቁሌቱን ስታማስል አምሽታ፣ ሌላው ሲበላ እርሷ ቆማ ታስተናግዳለች። ባህል የምንለው የእርሷን ድካም ከሆነ፣ እኛ የባህል ጠባቂዎች ሳንሆን የእናቶቻችን ጉልበት ተጧሪዎች ነን።

የዚያን ዕለት እናቴ ተቀመጠች። የተጠበሰውን ቆሮሶ እሾሁን እየለቀምን፣ በዳጣ እያጠቀስን አጎረስናት። በአባ ኮዳዎቹ አረማመድ ሳቀች። ከዚያ ሐይቁን ትክ ብላ አየችና፣ «ለካ በእንቁጣጣሽ ቀን ውጭው እንዲህ ያምራል!» አለች።

ባህል ተሸጠ የምትሉ ሆይ፣ ለዚህ ቃሏ መልስ ካላችሁ ጻፉልኝ። ከሌላችሁ ለመጪው በዓል ሽንኩርቱን እናንተ ክተፉ።