መርፌን መፍራትም መዳፈርም ልጅ ይጎዳል

ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ያለበት ልጅ ጣፊያው ስለሚዳከም፣ ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ። እኛ የምንቃወመው ያለ ማዘዣ ገዝቶ በሰፈር ማስወጋትን ነው። ሴፍትሪያክሶን የተባለው መርፌ ብዙ ልጅ አድኗል። ነገር ግን አልፎ አልፎ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያፈርስ ያደርጋል፤ ይህም ሊገድል ይችላል። አደጋው ቀድሞ በተወጋ ልጅ ላይ ይብሳል። ከመርፌው በኋላ ልጁ ከገረጣ፣ ወገቡን ካመመው ወይም ሽንቱ ከጠቆረ «ይለፍለታል» ብሎ መቀመጥ የለም፤ መድኃኒቱ ይቁም፣ ሐኪም ቶሎ ይወቅ። የተወጋውን መድኃኒት ስም በካርድ ጽፎ መያዝ ምን ያቅታል? ማንበብ ላልቻለች እናት ጎረቤት ይጻፍላት። ልጅ የሁላችንም ነው!