ወስፌና ዲግሪ



ስለ ሥዕልና ዲዛይን ሁለተኛ ዲግሪ ሲነሣ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የት አገር? አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተማሩ፤ አፈወርቅ ተክሌ ለንደን፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ። መሄዳቸውን አንነቅፍም። አለ ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ገብረ ክርስቶስም ተመልሰው እዚያው አስተማሩ። የምንነቅፈው የዛሬውን ልማድ ነው።

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም የመጣ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ተወለደበት ቀበሌ ይመለሳል። መሶብ የሚሰፉትን እናት ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ድምፃቸውን ይቀዳል፤ ከዚያም «መረጃ ሰጪ ቁጥር 3» ብሎ ይጽፋቸዋል። እኒያ እናት ግን ስንደዶው መቼ እንደሚነቀል፣ አክርማው እንዴት ተነክሮ አለላ እንደሚሆን፣ ጥለቱም ዙሩ ሲገጥም እንዳይፋለስ ከመነሻው እንዴት እንደሚቆጠር ያውቃሉ። ይህ ዲዛይን ካልሆነ ምን ሊባል ነው? አማካሪው ምናልባት አንድ ሰፌድ እንኳ ሰፍቶ አያውቅም፤ ፈራሚው ግን እርሱ ነው።

የጎጃም ቅኔ ቤት እንዲህ አያደርግም። ቁራሽ እየለመነ ዋሸራ ወይም ደብረ ኤልያስ የገባ ተማሪ ከሚያውቀው ሰው እግር ሥር ይቀመጣል፤ ቅኔውን የሚያርመውም ያው ዐዋቂ ነው።

ስለዚህ እንጠይቃለን፤ ሰፊዋ እናት ከፈታኞቹ ጋር ይቀመጡ፤ የመምህር አበል ይከፈላቸው፤ ጽሑፉም በሚሰሙት ቋንቋ፣ በአማርኛ ይቅረብ። «ዲግሪ የሌለው ዲግሪ አይፈትንም» የሚሉን አሉ። እንግዲያስ እነዚህ ሰዎች አንድ መሶብ ሰፍተው ያሳዩን፤ ወስፌውን እኛ እናቀብላለን።