ምሽጉን ቆጠርን፤ ሬሳውንስ?

ለመሆኑ በባድመ ጦርነት ስንት ኢትዮጵያዊ ሞተ? ያኔ የነበረው ኢሕአዴግም ሆነ እሱን የተካው መንግሥት ይኸው እስከ ዛሬ ቁርጡን በይፋ አልነገሩንም። በግልጽነት የማይታማው (!) ሻዕቢያ እንኳ ሰኔ 1993 ዓ.ም. ላይ 19 ሺህ ሰው ሞቶብኛል ብሏል። ቁጥሩን ያመነ ይመን፣ ያላመነም ይተወው። የኛዎቹ ግን ትንፍሽ አላሉም። ከሁለቱም ወገን ከ70 ሺህ በላይ አልቋል የሚለውን ግምት እንኳ የሰማነው ከውጭ ሰዎች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦር በታንክ ታጅቦ ባድመ ገባ። ከዚያ በኋላ ወራቱ ምሽግ በመቆፈር አለቁ። ከፊት ፈንጂ፣ ከኋላ መድፍ፣ መሐል ላይ ወጣት። አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ትውልድ የቀበረችበትን አዋጊነት ሁለት የድሃ ድሃ አገሮች ከ80 ዓመት በኋላ ደገሙት።

የካቲት 16 ቀን 1991 ዓ.ም. «ዘመቻ ፀሐይ ግባት» ተጀመረ። በአራት ቀን የባድመ ግንባር ምሽግ ተሰበረ። ስታንገራግር የከረመችው አስመራም የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የሰላም ሐሳብ በማግስቱ ተቀበለች። አዲስ አበባ ጨፈረች። ይህን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ጾረናን የሚያስታውስ ግን ስንት ነው? የባድመው ጭፈራ ገና ሳይበርድ፣ መጋቢት 1991 ዓ.ም. ላይ ሠራዊታችን በጾረና ግንባር፣ እግሪ መከል ላይ ፊት ለፊት ወደ ምሽጉ ተነዳ። ምሽጉ አልተሰበረም። አስመራ ወስዳ ያሳየቻቸው የውጭ ጋዜጠኞች የተቃጠሉ ታንኮችንና ምሽጉ አፍ ላይ የተረፈረፉ ልጆችን ፎቶ አንስተው ለዓለም በተኑት። እዚህ ግን ለባድመ የተመታው ከበሮ ለጾረና አልተመታም። ያን ጥቃት ማን አዘዘ? በየትኛው ጥናት? የተጠየቀስ አለ?

ይህን የምለው ሌላ መንገድ ስለነበረ ነው። ልክ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ግንቦት 4 ቀን 1992 ዓ.ም. ሦስተኛው ማጥቃት ሲጀመር ሠራዊቱ በምዕራብ በኩል በሌሊት ተራራ እየቧጠጠ፣ ስንቁንና ጥይቱን በአህያ ጭኖ ምሽጉን ዞረው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ባረንቱ ተያዘች፤ በዚያው ወር ዛላምበሳም ተመለሰች። መዞር ይቻል ከነበረ የጾረናዎቹ ልጆች ለምን ፊት ለፊት ተላኩ? ጄኔራሎቹ ከስህተታቸው ተማሩ ሊባል ይችል ይሆናል። የትምህርት ቤት ክፍያው ግን የማን ደም ነበር?

ውጤቱን ደግሞ ተመልከቱ። ሰኔ 11 ቀን ተኩስ ቆመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ተፈረመ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ሲፈርድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ባድመ የኛ ሆነች ብለው አበሠሩን። ኋላ ሲጣራ ባድመ ለኤርትራ ተፈርዳለች! በደም የተወሰደው በወረቀት ሄደ። የካሳ ኮሚሽኑም ጦርነቱን ሕግ ጥሳ የጀመረችው ኤርትራ ናት ብሎ በ1998 ዓ.ም. ከበየነ በኋላ፣ ነሐሴ 2001 ዓ.ም. ላይ ለኛ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለእነሱ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ልዩነቱን አስቡት።

ሰኔ ሳይገባ፣ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. መቀሌ ዓይደር ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ ወድቆ ሕፃናት አለቁ። ልክ በ20 ዓመቱ፣ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግ የድንበሩን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ አለ። ቀኑን ያስተዋለው ሰው ያለ አይመስለኝም። እርቁን የሚጠላ የለም፤ ግን አንድም ባለሥልጣን ለሟች እናት «ልጅሽ ለዚህ ነበር የሞተው» ብሎ አላስረዳም።

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ከተናገሩ ወዲህ የጦር ወሬ እንደገና አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ገብቷል። ከማውራታችን በፊት የድሮው ሒሳብ ይወራረድልን። ወታደር እኮ ደመወዝ የሚቀበለው በስም ዝርዝር ነው፤ የቀረው ይታወቃል። ምክር ቤቱ መከላከያን ጠርቶ ያን ዝርዝር ይጠይቅ። ከጾረናው ቢጀምር ይሻላል።