ሁለት ቃል፥ አንድ ስም፤ ልጆቻችን የእንግሊዝኛን ጥምር ስም እንዴት ይማሩ?

የባዕድ ቋንቋ የሚማር ልጅ ብዙ ቃል ማጥናቱ መልካም ነው። ነገር ግን ቃል ከቃል ጋራ ሲጋጠም የሚወጣውን ትርጕም ካላስተዋለ፥ ድንጋይና ጭቃ ሰብስቦ ግንብ መሥራት እንዳልቻለ ሰው መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለት ስሞች ተገጣጥመው አንድ ነገር የሚጠሩባቸው ቃላት እጅግ ብዙ ናቸው፤ የሰዋስው መምህራንም ጥምር ስም ይሏቸዋል። እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን በቤት በሚያስጠኑበት ጊዜ ይረዳቸው ዘንድ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ እነዚህ ስሞች ጥቂት ለመግለጽ አሰብን።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር የመድኃኒት ጠርሙስ ይመልከት። በእንግሊዝኛ በተጻፈ የመድኃኒት ትእዛዝ ላይ «ቲስፑን» የሚል ቃል ሊገኝ ይችላል። ቲ ሻይ፥ ስፑን ማንኪያ ስለ ሆነ፥ ጥምሩ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ ልኩም 5 ሚሊ ሊትር ነው። «ቴብልስፑን» የሚለው ግን የሾርባ ማንኪያ ሲሆን ልኩ 15 ሚሊ ሊትር ነው። እንግዲህ ስፑን የሚለውን ብቻ አንብቦ የፊተኛውን ቃል የዘለለ ሰው፥ ለሕፃኑ ከታዘዘው ሦስት እጥፍ ያጠጣዋል ማለት ነው። ስለዚህም ሐኪሞች መድኃኒት በቤት ማንኪያ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋራ በሚሰጠው መለኪያ እንዲሰፈር ይመክራሉ።

በትምህርት ቤትም ጕዳቱ ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፥ በሁለተኛ ደረጃም ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። የሳይንስ መጽሐፍ ደግሞ በጥምር ስም የተሞላ ነው። «ዎተር ቴብል» የሚለውን ያገኘ ተማሪ፥ ዎተር ውሃ፥ ቴብል ጠረጴዛ መሆኑን ቢያውቅም፥ የውሃ ጠረጴዛ ብሎ ቢተረጕመው ከነገሩ አይደርስም። ቃሉ የሚያመለክተው ከመሬት በታች ያለው ውሃ የላይኛውን ወሰን፥ ይኸውም ጕድጓድ ቈፋሪ ውሃ የሚያገኝበትን ጥልቀት ነው።

ስለዚህ ልጁ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ ጥምር ስም ከጅራቱ የሚነበብ መሆኑን ነው። ብዙውን ጊዜ የኋለኛው ቃል ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ የፊተኛው ደግሞ የትኛው እንደ ሆነ ይናገራል። ሆርስ ፈረስ፥ ሬስ እሽቅድምድም ነው። «ሬስ ሆርስ» ቢባል ፈረስ ነው፤ የሚሽቀዳደም ፈረስ። «ሆርስ ሬስ» ቢባል ግን ፈረስ አይደለም፤ የፈረስ እሽቅድምድም ነው። ይህ ሥርዓት ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም። ንባብ ቤት፥ ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት ስንል ሁሉም ቤት ነው፤ ትምህርቱን የሚለየው የፊተኛው ቃል ነው። ከግዕዝ በወረስነው ሥርዓት ግን ቤተ መጻሕፍትና አፈ ጉባኤ እያልን ዋናውን ቃል እናስቀድማለን። መጻሕፍት ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚማሩበት ቦታ ሲሆን፥ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት የሚቀመጡበት ነው። ሁለቱን ሥርዓት በገዛ ቋንቋው የሚያውቅ ልጅ፥ እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ በቅኔ ቤት መንገድ እንደሚሄድ ቢነግሩት ፈጥኖ ይገባዋል።

ቀጥሎ ሁለቱን ቃላት የሚያያይዘውን ስውር ነገር መፈለግ ነው። ኦይል ዘይት ነው። «ኦሊቭ ኦይል» ከወይራ ፍሬ የተጨመቀ ዘይት ነው፤ «ቤቢ ኦይል» ግን ለሕፃን ገላ የሚቀባ ዘይት ነው። አንዱ ከምን እንደ ተሠራ፥ ሌላው ለማን እንደ ተሠራ ይናገራል፤ ይህን የሚያስረዳ ፊደል ግን በቃሉ ውስጥ የለም። በእኛም ቤት የሸክላ ድስት ከሸክላ የተሠራ፥ የወጥ ድስት ወጥ የሚሠራበት ነው። ጁዲት ሌቪ የተባሉ የቋንቋ ሊቅ በ1978 እ. ኤ. አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ እንዲህ ያሉትን ስውር ግንኙነቶች በ9 ክፍል መድበዋቸዋል። ፓሜላ ዳውኒንግ ደግሞ በ1977 እ. ኤ. አ. ባወጡት ጽሑፍ፥ በቁርስ ገበታ ለአንድ እንግዳ «የፖም ጭማቂው ወንበር» ተብሎ መቀመጫ እንደ ተመለከተለት ጠቅሰዋል፤ ይኸውም የፖም ጭማቂ ከፊቱ የተቀመጠበት ወንበር ማለት ነው። በቦታው ላለ ሰው ግልጥ የሆነው ነገር፥ በሌላ ስፍራ ላለ ሰው እንቈቅልሽ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ አዲስ ጥምር ስም ሲያገኝ «ከምን? ለምን? የት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ዙሪያውን ያለውንም ዓረፍተ ነገር ያንብብ።

ሦስተኛው ነገር «የ» የምትለው ፊደላችን ናት። ብዙ ልጆች «የ» ማለት «ኦቭ» ነው ብለው ስለሚያጠኑ፥ የሻይ ስኒ ለማለት ሲፈልጉ «ካፕ ኦቭ ቲ» ይላሉ። ይህ ግን ሻይ የተቀዳበት ስኒ ማለት ነው፤ ባዶው የሻይ ስኒ «ቲካፕ» ይባላል። እንግዳ የመጣባት እመቤት አንዱን ስትጠይቅ ሌላው ቢቀርብላት ልዩነቱን በግልጥ ታየዋለች። ደግሞም የፊተኛው ቃል አብዛኛውን ጊዜ በነጠላ ቍጥር ይቀራል፤ «ቱዝብረሽ» ጥርሶችን ሁሉ የሚያጸዳ ሲሆን የጥርስ እንጂ የጥርሶች ብሩሽ እንደማንለው ማለት ነው።

ድምፅም ሊዘነጋ አይገባም። «ብላክቦርድ» የመምህሩ የጽሕፈት ሰሌዳ ሲሆን ድምፁ በፊተኛው ቃል ላይ ይበረታል። ሁለቱም ቃላት እኩል በርትተው «ብላክ ቦርድ» ቢባሉ ግን ማናቸውም ጥቁር ሳንቃ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ከተማሩ በኋላም በመክፈል የማይፈቱ ስሞች አሉ። «በተርፍላይ» ቢተረትሩት ቅቤና ዝንብ ይወጣዋል፤ ትርጕሙ ግን ቢራቢሮ ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰውስ እንጀራ እናት የሚለውን በቃል በቃሉ ቢተረጕም ምን ያገኛል? እንዲህ ያለው ስም እንደ አንድ ቃል ተይዞ ይጠና።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሁለቱን ቃላት ለየብቻ ጽፎ ትርጕማቸውን እንዲሸመድድ አታድርጉት። ማታ ማታ አንድ ዋና ቃል ምረጡለት፤ ለምሳሌ ክፍል ማለት የሆነውን «ሩም» ወስዶ «ቤድሩም» መኝታ ቤት፥ «ክላስሩም» የመማሪያ ክፍል እያለ ቤተ ሰቡን ይዘርዝር። ከዚያም እያንዳንዱን ስም በአማርኛ ሲፈታ «ነገሩ ምንድን ነው? የትኛውስ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እንግሊዝኛ የማታውቅ እናት እንኳ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመጠየቅ አትቸገርም። ልጁም በዚህ ከለመደ፥ ነገ የመድኃኒት ጠርሙስ በእጁ ቢገባ ማንኪያ መሆኑን ብቻ ሳይሆን የትኛው ማንኪያ እንደ ሆነ አስተውሎ ያነባል።